ጣና ለምን ይደፈርሳል? በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሠሩ የክፍል ሙከራዎች

በክረምት ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የተጓዘ ልጅ የጉማራንና የርብን ውሃ ከድልድዩ ላይ አይቶታል፤ ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል። ያ ውሃ ጣና ይገባል፣ የተሸከመውም ደለል አብዛኛው እዚያው ሐይቁ ውስጥ ይቀራል። ከዚህ የተሻለ የሳይንስ ጥያቄ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፦ አፈሩ ለምን ተነሣ? ምን ቢሆን ኖሮ አይነሣም ነበር?

ከዚህ በታች ያሉት ተግባራት ከ3ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ላሉ ልጆች የሚሆኑ ናቸው። በየሳምንቱ አዲስ ነገር ከማሳየት ይልቅ በዚህ አንድ ጥያቄ ላይ አንድ ወር ቢቆዩ ይሻላል፤ ልጆቹ በመጀመሪያው ሳምንት የገመቱትን በአራተኛው ሳምንት ራሳቸው ያፈርሱታል ወይም ያጸኑታል። ጥሩው ጊዜ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ነው፤ ወንዞቹ ገና ድፍርስ ናቸው፣ አፈሩም በእጅ ይቆፈራል።

60 ልጅ ላለበት ክፍል ዘጠኝ ቡድን ያድርጉ። ለእያንዳንዱ ቡድን ባለ 2 ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ አንድ፣ ባለ ግማሽ ሊትር አንድ፣ ማስመሪያና ጎኑ ቀጥ ያለ የመስታወት ብርጭቆ ያስፈልጋል። ጠርሙሶቹ ከአንድ ዓይነት ምርት ቢሆኑ ይመረጣል፤ ቅርጻቸው ከተለያየ ልጆቹ የጠርሙሱን ልዩነት የአፈር ልዩነት አድርገው ያነቡታል።

ሐይቁ ምን ያህል ጥልቅ ነው?

ይህ አሥር ደቂቃ ብቻ ይወስዳል፣ ግን መቅደም አለበት። ጣና ርዝመቱ 84 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱ 66 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጥልቅ በሚባለው ቦታ ግን ከ14 ሜትር ብዙም አያልፍም። ሜዳው ላይ 14 ሜትር ገመድ ያዘርጉና ልጆቹ በእግራቸው ይለኩት። ከዚያ ካርቶን ላይ ሐይቁን 84 ሴንቲ ሜትር አድርገው ያስሉና በዚያው ልክ ጥልቀቱ ስንት እንደሚሆን ይጠይቁ። መልሱ 0.14 ሚሊ ሜትር ነው፤ የደብተር ወረቀት ውፍረት ማለት ነው። ልጆች ጣናን እንደ ጉድጓድ ነው የሚያስቡት። ሐይቁ ሰፊ ትሪ እንደሆነ ካልገባቸው ደለል ለምን እንደሚያሰጋው ቢነግሯቸውም አይያዝላቸውም።

አፈሩን በውሃ መለየት

ሁለት ዓይነት አፈር ያስመጡ፦ ቀይ አፈርና ዋልካ። ከላይ ያለውን ሣርና ቅጠል ገፍተው ከ10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይውሰዱ። አድርቀው፣ ጓሉን ሰብረው፣ ድንጋዩን ይልቀሙ። ባለ ግማሽ ሊትር ጠርሙስ አንድ ሦስተኛውን በአፈር ይሙሉ፤ አናቱ ላይ ሦስት ጣት ያህል ክፍት እስኪቀር ውሃ ይጨምሩ፤ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የልብስ ሳሙና ዱቄት ያክሉ። ሳሙናው የተጣበቁትን ደቃቅ ቅንጣቶች ያላቅቃል። ከዚህ ከበዛ አረፋው ማስመሪያ አያስነብብም።

ለሦስት ደቂቃ በኃይል ይናጥ፤ ከዚያ ጠርሙሱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ማንም አይንካው። ከ1 ደቂቃ በኋላ የተቀመጠው አሸዋ ነው፤ በጠርሙሱ ጎን በእስክሪብቶ ምልክት ይደረግ። ከ2 ሰዓት በኋላ ከላዩ ያረፈው ደለል ነው። የሸክላው ቅንጣት አንድ ሁለት ቀን ይፈልጋል፤ አንዳንዱ ከዚያም በኋላ ውሃው ውስጥ ተንሳፎ ይቀራል። እዚህ ላይ ልጆቹን ያስቁሟቸውና «ይህ ያልወረደው ነገር ወንዝ ውስጥ ቢሆን የት ድረስ ይሄድ ነበር?» ብለው ይጠይቁ። መልሱን ግን አይንገሯቸው።

ሁለት ነገር ያሳስታል። አንደኛ፣ ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ስለሚያብጥ የሸክላው ንብርብር ከእውነተኛው መጠን በልጦ ይታያል፤ ስለዚህ ሁለቱን አፈሮች በትክክለኛ መቶኛ ከማወዳደር «የትኛው ይበልጣል» በሚለው መቆም ይበቃል። ሁለተኛ፣ ጓሉ በደንብ ካልደቀቀ ሸክላው እንደ አሸዋ ቶሎ ይወርዳል። ዋልካ ላይ ይህ ሁልጊዜ ያጋጥማል፤ መድኃኒቱ አፈሩን ማታ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ማሳደር ነው።

ሦስቱ ተዳፋቶች

ዋናው ሙከራ ይህ ነው። ሁለት ክፍለ ጊዜ ይወስዳል፤ ዝግጅቱ ደግሞ ከ10 እስከ 14 ቀን ቀደም ብሎ ይጀምራል።

ባለ 2 ሊትሩን ጠርሙስ በጎኑ ያስተኙና ከላይ በሚውለው ጎኑ 20 በ8 ሴንቲ ሜትር የሆነ መስኮት ይቁረጡ። አንገቱ አይነካም። ቆራጩ መምህሩ ይሁን፤ በጋለ ሚስማር በስተው በመቀስ ቢቀጥሉ ቢላዋ ከማንሸራተት ያድናል። በእያንዳንዱ ውስጥ ሦስት ኩባያ፣ ማለትም 750 ሚሊ ሊትር ያህል የተነፋ አፈር ይግባ። ከፍታው ከአንገቱ ቀዳዳ የታችኛው ከንፈር ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ዝቅ ካለ ውሃው ውስጥ ይቋጠራል፣ ከፍ ካለ አፈሩ ራሱ እየተናደ ይወጣል። በመዳፍ ቀለል አድርገው ይጫኑት። ዘጠኙንም አንድ ሰው ቢጫናቸው ጥሩ ነው፤ ለምን እንደሆነ ወደኋላ ይታያል።

ሦስቱ ቡድኖች አፈሩን ባዶውን ይተዉታል። ሦስቱ 2 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጭድ ወይም ደረቅ ቅጠል ያለብሱታል። ሦስቱ ገብስ ይዘራሉ። ጤፍ ይቀርባል፣ ቶሎም ይበቅላል፤ በሁለት ሳምንት ግን ሥሩ ገና እንደ ክር ስለሆነ ውሃው ጠራርጎ ይወስደዋል። ገብስ ይሻላል። ሁለት ጭብጥ ገብስ ማታ ዘፍዝፈው በነጋታው አፈሩ ላይ አጠጋግተው ይበትኑ፣ ግማሽ ሴንቲ ሜትር አፈር ያልብሱት፣ ቀን በቀን እርጥብ ያድርጉት። ከገበያ ሲገዛ የተሸከሸከ እንዳይሆን ይጠንቀቁ፤ ተወቅጦ ገለባው የወጣ ገብስ ጽንሱ ስለሚጎዳ አይበቅልም። ባዶውንና ጭድ የለበሰውንም በእነዚያው ቀናት እኩል ውሃ ያጠጧቸው። ይህ ከተረሳ ገብስ ያለበት ብቻ እርጥብ፣ ሌላው ደረቅ ሆኖ ውድድሩ ይበላሻል።

ዝናቡ ባለ ግማሽ ሊትሩ ጠርሙስ ነው። ክዳኑን በቀጭን ሚስማር ስምንት ቦታ ይብሱ። መቀመጫውንም አንድ ቦታ ይብሱ፤ አየር የሚገባበት ከሌለ ውሃው እየተቆራረጠ ይወርዳል። ደግሞ ይህቺ ቀዳዳ ቧንቧ ናት፦ ልጁ በጣቱ ሲደፍናት ዝናቡ ይቆማል፣ ሲለቃት ይዘንባል። ልጆች ይህን ክፍል ከሙከራው በላይ ይወዱታልና ሁለት ደቂቃ እንዲጫወቱበት ይፍቀዱ፤ ካልፈቀዱም በሙከራው መካከል ይጫወቱበታል።

የሙከራው ዕለት የእያንዳንዱ ጠርሙስ መቀመጫ ሥር 5 ሴንቲ ሜትር የሚያነሣ ነገር፣ ለምሳሌ ጡብ ይደረግ። አንገቱ ከጠረጴዛው ጫፍ ወጣ ብሎ ከሥሩ ብርጭቆ ይቀመጥ። ከመዝነቡ በፊት ሁሉም ልጅ ግምቱን በደብተሩ ይጻፍ፦ የትኛው ብዙ ውሃ ያወጣል? የማን ውሃ ይጠራል? ካልጻፉ ውጤቱን ካዩ በኋላ ሁሉም «አውቄ ነበር» ይላል።

ከ25 ሴንቲ ሜትር ከፍታ፣ መስኮቱን እኩል እያዳረሱ፣ ግማሽ ሊትሩን በሁለት ደቂቃ ያዝንቡ። በዚያ ስፋት ላይ ይህ ወደ 31 ሚሊ ሜትር ዝናብ ነው። በሁለት ደቂቃ ይህን ያህል የሚጥል ዝናብ እጅግ ብርቅ እንደሆነ ለልጆቹ ይነገራቸው፤ ሙከራው ነገሩን ያጎላዋል እንጂ ልኩን አያሳይም። ዝናቡ ካበቃ በኋላ አምስት ደቂቃ ይጠብቁ፤ ገብሱ ውሃውን ዘግይቶ ነው የሚለቀው። ሦስት ነገር ይመዝገብ፦ የመጀመሪያዋ ጠብታ ከአንገቱ የወጣችበት ጊዜ፣ የወጣው ውሃ መጠን፣ በማግስቱ ብርጭቆው ታች ያረፈው ጭቃ ቁመት በሚሊ ሜትር።

ባዶው አፈር የሚያወጣው ውሃ ይበዛል፣ ይደፈርሳልም። ምክንያቱን ልጆቹ በዓይናቸው ያዩታል፦ ጠብታው ጓሉን ይሰብረዋል፣ የተሰበረው ደቃቅ አፈር ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፣ ውሃው መግቢያ ሲያጣ በላዩ ይሮጣል። ብዙ መምህራን የሚገረሙት በጭዱ ነው። ሥር የለውም፣ አልተተከለም፤ ሆኖም የጠብታውን ምት ስለሚቀበል ብቻ ውሃው ጠርቶ ይወጣል። «ዛፍ አፈርን በሥሩ ያስራል» የሚለው የመጽሐፍ ዓረፍተ ነገር ግማሹን ብቻ እንደሚናገር የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ከአጨዳ በኋላ ማሳ ላይ የሚቀር ገለባ ምን እንደሚሠራም ጥያቄው ራሱ ይመጣል።

ውጤቱ አንዳንዴ ይገለበጣል። ባዶው ጥቂት ውሃ ካወጣ ዋልካው ደርቆ ተሰንጥቆ ውሃው በስንጥቁ ገብቷል ማለት ነው፤ ቀድመው እንዲርስ ያድርጉ። የገብሱ ውሃ ከደፈረሰ ዘሩ ሳስቷል፣ ወይም ውሃው በአፈሩና በፕላስቲኩ መካከል ቦይ አግኝቷል፤ ዳር ዳሩን በጣት ይድፈኑና ይድገሙት። ሦስቱ ባዶ ጠርሙሶች እርስ በርሳቸው በጣም ከተለያዩ ደግሞ የመጫኑ ነገር ነው። ይህን ልዩነት አይደብቁት። ሦስት ሦስት ያደረግነውም አንድ ጠርሙስ ሊዋሽ ስለሚችል ነው።

ጊዜ ከተረፈ ባዶው ላይ በጣት አግድም ሁለት እርከን ሠርተው፣ በሌላው ላይ ቁልቁል ሁለት ትልም አውጥተው ያወዳድሩ። ከገበሬ ቤት የመጡ ልጆች ውጤቱን ቀድመው ይናገራሉ፤ ለምን እንደሆነ ግን እነሱም ቢሆኑ ቆም ብለው ያስባሉ።

ድፍርስነትን በመስቀል መለካት

«ድፍርስ ነው» ማለት ልኬት አይደለም። ነጭ ወረቀት ላይ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ ጥቁር መስቀል ይሣል፤ ብርጭቆው ከላዩ ይቀመጥ። ውሃውን ቀላቅለው ቀስ እያሉ ይጨምሩ፤ አንድ ልጅ ቀጥ ብሎ ከላይ ይመለከታል። መስቀሉ የጠፋበት የውሃ ቁመት በማስመሪያ ይለካል። ቁጥሩ ሲያንስ ውሃው ድፍርስ ነው። ብርጭቆው ሞልቶ መስቀሉ ከታየ «ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ» ብሎ መጻፍ ነው፤ የማይታወቅ ቁጥር አይፈጠርም።

ተመልካቹ ልጅ አይለወጥ፤ ዓይንና ዓይን ይለያያል። የብርጭቆው ጥላ መስቀሉ ላይ ካረፈ ቁጥሩ ያንሳል፤ ስለዚህ መስኮት አጠገብ ይሁን እንጂ ቀጥታ ፀሐይ ላይ አይሁን።

ከሐይቁ ውሃ መቅዳት

ልጆችን ወደ ዳርቻ ይዞ መሄድ ግድ አይደለም፤ ውሃው ወደ ክፍል ሊመጣ ይችላል። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ፤ ትሉ ቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ወደ ውሃው ይወጣና በቆዳ ይገባል፣ በቀን ፀሐይ ደግሞ ይበዛል። ጉማሬም አለ፣ በተለይ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ። ስለዚህ ቀጂው አዋቂ ይሁን፤ ጠንካራ ዳር ላይ ቆሞ፣ 5 ሜትር ገመድ ባለው ባልዲ፣ ውሃው ውስጥ ሳይገባ ይቅዳ። እጁ ከራሰ ወዲያው በፎጣ ይደረቅ። ውሃው ቀንድ አውጣና ሣር እንዳይኖረው በጨርቅ ተጠልሎ፣ በተከደነ ጀሪካን ሁለት ቀን ይቆይ፤ ትሉ ሰው ሳያገኝ ይህን ያህል አይዘልቅም። ከዚያም በኋላ ልጆቹ ውሃውን በኩባያ እንጂ በእጅ አይንኩት፤ ሲጨርሱ በሳሙና ይታጠቡ። ከመለካቱ በፊት ጀሪካኑ በደንብ ይናጥ፤ ሁለት ቀን የቆመ ውሃ ደለሉ ወርዶ የጠራ መስሎ ያታልላል።

በወር አንድ ጊዜ፣ ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት ይቀዳ። ሰዓቱ የተነሣው በምክንያት ነው፦ ሐይቁ ጥልቀት ስለሌለው ነፋስ ሲነሣ የታችኛውን ደለል ያማስለዋል፤ ጠዋት የተቀዳና ከሰዓት የተቀዳ ውሃ ቢለያይ ወንዝ ያመጣው ለውጥ ላይሆን ይችላል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ መቅዳት ይሻላል።

ያልወረደውን ማውረድ

በመጀመሪያው ሙከራ ተንሳፎ የቀረው ሸክላ የማይወርደው ቅንጣቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት የኤሌክትሪክ ሙላት ይዘው እርስ በርስ ስለሚገፋፉ ነው። የሽፈራው ፍሬ ተቃራኒ ሙላት ያለው ፕሮቲን ስላለው ያያይዛቸዋል። ለአንድ ሊትር ድፍርስ ውሃ ሁለት ደረቅ ፍሬ ይበቃል። ልጣጩ ተነሥቶ ነጩ ይወቀጥ፤ በትንሽ ውሃ ተበጥብጦ በጨርቅ ተጠልሎ ይጨመር። አንድ ደቂቃ በፍጥነት፣ አሥር ደቂቃ በዝግታ ይማሰል፤ አንድ ሰዓት ይቀመጥ። አጠገቡ ሽፈራው ያልገባበት ሌላ ጠርሙስ ይኑር።

ካልሠራ ፍሬው አርጅቷል ወይም ሳሙና ያለበትን ጠርሙስ ተጠቅመዋል፤ ሳሙናው ቅንጣቶቹን መልሶ ይበትናቸዋል። የጠራው ውሃ ግን አይጠጣም። ዓይን የማያያቸው ተውሳኮች እዚያው ናቸው፤ ይህን ከሙከራው በፊት ይናገሩ፣ በኋላ ሲነገር የሚሰማ የለም።

ውሃ የሚገባበትና የማይገባበት መሬት

ሁለቱም ጫፉ የተከፈተ የቲማቲም ጣሳ 3 ሴንቲ ሜትር መሬት ውስጥ ይመታ፤ አንድ ኩባያ ውሃ ይፍሰስበትና ገብቶ እስኪያልቅ ይቆጠር። ልጆች በሚመላለሱበት ሜዳ፣ ከዋንዛ ሥር፣ ከባሕር ዛፍ ሥር ይሞከር። ሜዳው ላይ ውሃው ከግማሽ ሰዓት በላይ ሊቆም ስለሚችል ቀድመው እዚያ ይጀምሩ። ውሃው በጣሳው ጎን ሥር ካፈተለከ ልኬቱ ዋጋ የለውም፤ ቦታ ቀይሮ መድገም ነው። የጣሳው ጠርዝ እጅ ይቆርጣል፣ አስቀድሞ በመዶሻ ይቀጥቀጥ።

እምቦጭ

ጣና ላይ እምቦጭ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከማሳ ታጥቦ የሚመጣው አፈር የተክል ምግብም ይዞ ስለሚመጣ ከደለሉ ጉዳይ ጋር ይያያዛል። ተክሉን ግን ወደ ትምህርት ቤት አያስመጡ፤ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይ ከቦታ ቦታ መውሰዱ ማዛመት ነው። በሽምብራ ይበቃል። ወለሉ ላይ በጠመኔ 25 በ25 ሴንቲ ሜትር «ሐይቅ» ይሠመርና አንድ ፍሬ ይቀመጥበት። እያንዳንዱ ዙር ሁለት ሳምንት ነው፣ በየዙሩ ይታጠፋል። ምቹ ሁኔታ ካገኘ እምቦጭ በሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ ጊዜ እጥፍ ይሆናል። አምስተኛው ዙር ላይ 32 ፍሬ ብቻ ነው፤ ልጆቹ «ገና ነው» ይላሉ። አሥረኛው ላይ 1024 ሆኖ ሐይቁን ይሸፍነዋል። ሩብ ኪሎ ሽምብራ ያዘጋጁ። «ግማሹ የተሸፈነው ስንተኛው ዙር ላይ ነበር?» የሚለውን ጥያቄ አይርሱት።

አፈርና ውሃ የሌለበት አንድ ቀን

ዕቃ የማይጠይቅ ነገር ለሚፈልግ፣ 1 ሜትር ዱላ ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ ይተከል፤ ቀጥ ማለቱ በቱምቢ፣ ማለትም ጫፉ ላይ ክብደት በታሰረበት ክር፣ ይረጋገጥ። በባሕር ዳር ፀሐይ አናት ላይ የምትውለው 6 ሰዓት ላይ ሳይሆን 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ከተማችን የሰዓታችን መለኪያ ከሆነው መስመር ወደ ምዕራብ ስለምትገኝ። በታኅሣሥ 12 የዱላው ጥላ በዚያ ሰዓት 70 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ወደ ሰሜን ይወድቃል። በሰኔ 14 ደግሞ 21 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ወደ ደቡብ ይዞራል። በመካከሉ፣ ሚያዝያ 12 ወይም 13፣ ዱላው ጥላ ያጣል። ነሐሴ 16 ወይም 17ም እንዲሁ ነው፤ ያኔ ግን ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ሰማዩም ደመና ነው። ሚያዝያ 12 ደመና ከሆነ ማግስቱን ይሞክሩ፤ በአንድ ቀን ልዩነት ጥላው የሚለወጠው 6 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ብዙ አይጎድልበትም። ዱላው ትንሽ ካዘነበለ ግን ከዚያ የበለጠ ሐሰተኛ ጥላ ይሠራል፤ ቱምቢውን ልጆቹ ከሁለት ጎን ይመልከቱት።